የደምሴ ክንድና የካሳ ልጅ

ይህን የሚጽፈው ማን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር፤ ባለቤት የሌለው ወሬ ዋጋ የለውምና።

ሃምሳ አለቃ በዛብህ እባላለሁ። በድሮው የሰሜን ጦርነት የአንድ እግረኛ ሻለቃ የሕክምና ረዳት ነበርኩ። ወረቀቱ ረዳት ይበለኝ እንጂ ሻለቃው ሐኪም ስላልነበረው ሐኪሙ እኔ ነበርኩ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛን ያነበብኩት ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ደችን፣ የሆላንዶቹን ቋንቋ፣ የተማርኩት ደግሞ ሮተርዳም ዙይድ ከገባሁ በኋላ፣ በስተርጅና፣ መድኃኒት ቤት ከሚሰጡት ማብራሪያ ነው። ስናገር ልጆቻችን ይስቁብኛል። ሐኪሞቹ ግን ይገባቸዋል፤ እኔ የምፈልገውም እሱን ነው።

የሰውን ክንድ ያስተማረኝ ፍየል ነው። ሻለቃችን ለበዓል ፍየል ባረደ ቁጥር አንዱን የፊት እግር ለእኔ ይተዉልኝ ነበር። ሌላው እሳት ሲያነድ እኔ በምላጭ ነጩን ክር እከተላለሁ። ነጩ ክር ነርቭ ነው። ከብብት ይነሣል፤ ከአጥንቱ ጀርባ ተጠምዝዞ ይዞራል፤ ከክርኑ ከፍ ብሎ በውጭ በኩል ብቅ ይላል፤ ከዚያ ወደ እጅ ይወርዳል። ሰውም እንዲሁ ነው። ክሩ አጥንቱን ተደግፎ የሚያልፍበትን ቦታ ያወቀ ሰው፣ ጥይትም ሆነ ስብራት የት ላይ እንደሚያገኘው ያውቃል። ሌላው ይህን ከመጽሐፍ ይማረዋል። እኔ ከጥብስ በፊት ተማርኩት።

ለመመካት አይደለም ብል እዋሻለሁ። እመካለሁ። በሮተርዳም ካሉት ያገሬ ሰዎች መካከል ሐኪሞቹን ትተን እንደ እኔ ክንድ የሚያውቅ የለም።

እናንተ እዚህ አገር ያደጋችሁ ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ስትጠይቁኝ ስለ ታንክ ነው የምትጠይቁኝ። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ ክንድ ነው።

ኮረብታው ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። እኛ «ጎባጣው» እንለው ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ ይመስላል። ትእዛዙ አጭር ነበር። ጎባጣው ከረፋዱ በፊት ይያዝ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። ጎህ ሲቀድ እግሩ ሥር ደረስን። አንደኛው መቶ በግራ፣ የእኛ መቶ በቀኝ። ድንጋዩ አይጨበጥም፤ የረገጥከው ሁሉ ከታችህ ወዳለው ሰው ይንከባለላል። ማንም አልተናገረም። ፀሐይ ብቅ ስትል መትረየሳቸው ተከፈተ። ተኛን። ሞርታር ከኋላችን ወደቀ። ከመተኛት መሄድ ይሻል ነበር። ሄድን።

አስር አለቃ ደምሴ የእኛ መትረየስ ተኳሽ ነበር። የሰላሌ ሰው፣ ረጅም፣ ሲፈራ ቀልድ የሚበዛበት። ከእኔ ትንሽ ቀደም ብሎ ይወጣል። መትረየሱ ከእጁ ሲወድቅ አየሁ። ተንፏቅቄ ደረስኩበት። ጥይቱ ቀኝ ክንዱን ከክርኑ በላይ በውጭ በኩል ወግቶ አልፏል። አጥንቱ ደህና ነው። የሞርታር ፍንጣሪ ደግሞ ጭኑ ውስጥ ገብቷል፤ መራመድ አይችልም።

«እንዴት ነህ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ።»

«የቀኝ እጅህን ጣቶች ዘርጋ።»

እጁን አየው። «ለጊዜው ፈቃድ ላይ ናቸው» አለኝ።

ፋሻ ጠመጠምኩ። ቃሬዛ የሚይዘው ካሳ መጣ። የቃሬዛው ሌላ ተሸካሚ ወድቆ ስለነበር ካሳ ደምሴን እንደ ሕፃን አዘለው። ሲወርድ «ይኼ ሰውዬ ከመትረየሱ ይከብዳል!» ሲል ሰማሁት። ደምሴን ከአንድ ቋጥኝ ጀርባ አስቀመጠው። ቀና ሲል ተመታ። ስደርስ አልቋል። ካሳ አገር ቤት ገና የምትድህ ሴት ልጅ ነበረችው።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጎባጣው ተያዘ።

ደምሴን ወደ ደጀን አወረድነው፤ ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ነበረን። ከጊዜ በኋላ ጭኑ ዳነ። የክንዱ ቁስልም ጠገገ። እጁ ግን አልነቃም። የእጁ አንጓ ትንሽ ከፍ ይልና ወዲያው ይወድቃል። አውራ ጣቱ ወደ ውጭ አይከፈትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጭራሽ የተቆረጠ ነርቭ ማንንም አያሳስትም። እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ ያየው ሁሉ ያዝናል። በከፊል የተጎዳ ነርቭ ግን ሰውን ውሸታም ያስመስለዋል። ጠዋት ይታዘዛል፣ ከሰዓት ይለግማል። ጠረጴዛ ላይ ያረፈ እጅ ይጨብጣል፣ አየር ላይ ያለው ይለቃል። በዚያን ጊዜ ደግሞ ከግንባር ለመራቅ ራሱን ያቆሰለ ወታደር ይረሸን ነበር። ሕመም ያስመሰለም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሻምበላችን ቁስለኛ ሊጎበኙ መጡ። እያንዳንዱን ጨበጡ። ደምሴ ተነሣ። ወላጆቹ እንዳሳደጉት ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ በግራ እጁ የቀኙን አንጓ ደገፈ፣ ጎንበስ አለ። ሻምበሉ ጨብጠው «በርታ» ብለው አለፉ።

ከዚያ ሻይ ተቀዳ። ደምሴ የቆርቆሮ ኩባያውን በቀኝ እጁ አነሣ። ኩባያው አመለጠውና ሻዩ የሻምበሉ ጫማ ላይ ፈሰሰ።

ሻምበሉ ጫማቸውን አዩ፤ ቀጥለው ደምሴን አዩ። «አሁን እጄን እንደ ጉጠት ነው የጨበጥከኝ። ኩባያ ሲሆን ነው የሚከብድህ?»

ደምሴ የወደቀውን ኩባያ ለማንሣት ጎንበስ አለ።

«ነገ ወይ ምሽግ ይመለሳል፣ ወይ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ማን እንዳቆሰለው እዚያ ይጠየቃል።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔ ግን የደምሴን ግራ እጅ አይቼ ነበር። ማንም ልብ ያላለው የተለመደ ነገር ስለሆነ ነው።

«ጓድ ሻምበል፣ አንድ ጊዜ ይፍቀዱልኝ» አልኩ። የደምሴን ግራ እጅ ወደ ኋላ አዙሬ በገዛ ቀበቶው ከወገቡ ጋር አሰርኩት። «አሁን ይጨብጡት።»

ጨበጡት። ፊታቸው ተለወጠ። «ምንም ጉልበት የለውም» አሉ።

በሁለት ጣቴ የደምሴን አንጓ ከሥር ቀና አድርጌ ያዝኩት። «አሁንስ?»

«አሁን ይጨብጣል። ምንድን ነው ነገሩ?»

«ጣት የሚጠቀልለው ነርቭ ሌላ ነው፤ እሱ ደህና ነው። የተጎዳው አንጓን ቀና አድርጎ የሚይዘው ነው። አንጓ ከወደቀ ጣት ጉልበት የለውም። በራስዎ ይሞክሩት።»

ሻምበሉ የእጃቸውን አንጓ ወደ ታች አጥፈው ጨበጥ ሊያደርጉ ሞከሩ። ሞከሩ፤ ተዉት። እናንተም አሁን ሞክሩት። መዳፋችሁን ወደ ክንዳችሁ አጥፋችሁ ጨብጡ። አያችሁ? ደምሴ ሻምበሉን ሲጨብጥ ያጣውን አንጓ የሰጠችው ግራ እጁ ነበረች። አክብሮቱ ሊያስገድለው ነበር።

በዚያ አላበቃሁም። ክርኑን አጥፎ፣ ጭብጡን አውራ ጣቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ፣ እኔ ወደ ታች ስጫነው ወደ ላይ እንዲያነሣ አዘዝኩት። በጤነኛ ክንድ ላይ ከክርኑ አጠገብ አንድ ጡንቻ እንደ ገመድ ይወጠራል። በግራው ተወጠረ። በቀኙ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። አስመሳይ እጁን ማንጠልጠል ያውቃል። ያን ጡንቻ ማጥፋት ግን አያውቅም፤ መኖሩንም አያውቅም።

በመጨረሻ ዓይኑን በሻሽ ሸፍኜ እጁን በእሾህ ነካካሁት። አስመሳይ እጄ በሙሉ ደንዝዟል ይላል። ደምሴ የደነዘዘው በእጁ ጀርባ በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ መካከል ያለው ቦታ ብቻ ነበር። እሱም ጭራሽ አልሞተም፤ «በጨርቅ ላይ የምትነካኝ ይመስለኛል» አለ።

«ይድናል?» አሉ ሻምበሉ።

«ነርቩ በከፊል በሕይወት አለ። መጀመሪያ የክርኑ ጡንቻ ይነሣል፣ ቀጥሎ አንጓው፣ በመጨረሻ አውራ ጣቱ።»

«ባይነሣስ?»

«እኔ ልጠየቅ።»

ሻምበሉ «ወጥ ቤት ይሥራ» ብለው ወጡ። ከጥይት ሣጥን እንጨት ለአንጓው መደገፊያ ሠራሁለት። ክረምቱ አልፎ እህል ሲታጨድ እጁ በተናገርኩት ተራ ተመለሰ። ደምሴ ያን ጊዜም አላረፈም፤ «አሁን ደግሞ በመዳኔ ሊከሱኝ ነው» ይል ነበር። አውራ ጣቱ እስከ ዛሬ ትንሽ ይለግማል።

ጦሩ ተበተነ። ስደት ተከተለ። ደምሴ አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ገባ። እኔ ሮተርዳም ዙይድ። ከዓመታት በኋላ አንዲት ሴት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ የአባቷን ስምና የጦር ክፍል ለሽማግሌዎች ስትናገር ሰማሁ። የምትድህ የነበረችው የካሳ ልጅ ናት። ትርሲት ትባላለች። ዛሬ ሆግቭሊት ትኖራለች፤ የምትሠራውም እዚያው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሰው ከአልጋ ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ደምሴ ለበዓል ከአምስተርዳም ሲመጣ ያገኛታል። ሰላም ይላታል፤ ወዲያው ዞር ይላል። ለምን እንደሚሸሻት አውቅ ነበር፤ አልተናገርኩም።

ባለፈው የፈረንጆች ክረምት በረዶ ላይ ከነብስክሌቷ ወደቀችና የቀኝ ክንዷ አጥንት ከክርኑ በላይ ተሰበረ። ሆስፒታል አጥንቱን ደህና አድርገው ጠገኑላት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጣች። በሩ ላይ በቀኝ እጇ ጨበጠችኝ፣ በግራዋ ደግፋ። ምንም አላሰብኩም። ለምሳ ስንቀርብ ግን ሹካው ወደቀ። አነሣችው። ደግሞ ወደቀ።

«እስቲ አውራ ጣትሽን ወደ ውጭ ክፈቺው» አልኳት።

«አልችልም ጋሼ። ስብራቱ ነው፤ ይለቀኛል።»

«ለሐኪም ነገርሽ?»

«የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም አይቶኛል። የነገ ሳምንት፣ ሰኞ፣ ሙሉ ሥራ ጀምሪ ብሎኛል።» እዚህ አገር አሠሪው የታመመ ሠራተኛ መቼ እንደሚመለስ የሚያይ የራሱ ሐኪም አለው።

«ሲጠይቅሽ ምን አልሽው?»

«እንዴት ነሽ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።»

«ትርሲት!»

«ታዲያ ምን ልበለው ጋሼ? እንዴት ነሽ ነው ያለኝ!»

ለሰላምታ የሚሰጠውን መልስ ለምርመራ ሰጥታዋለች። የደምሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ እሱም ጎባጣው ላይ ደህና ነኝ ብሎኛል።

«ጨበጠሽ?»

«ጨበጠኝ። ጥሩ ጉልበት አለሽ አለኝ።»

«በሁለት እጅሽ ነው የጨበጥሽው?»

«በአንድ እጅ ልጨብጠው? ሐኪም እኮ ነው!»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ክርኗን አሳጥፌ ጡንቻውን አየሁ፤ ይንቀጠቀጣል። ዓይኗን አስጨፍኜ የእጇን ጀርባ በጥርስ መጎርጎሪያ ነካካሁ፤ ያው ቦታ ነው። የሰበረችው አጥንት ነርቩ ተጠግቶ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው። ሌላ ማወቅ አላስፈለገኝም።

እሷ ማልቀስ ጀመረች። «ሰኞ ከገባሁ አንዲት አሮጊት ከእጄ ትወድቃለች። አልገባም ካልኩ አስመሳይ እባላለሁ። ጉልበት አለሽ ብሎ ጽፎልኛል። ማን ያምነኛል?»

ለደምሴ ደወልኩ። «የካሳ ልጅ እጇ እንደ አንተ እጅ ሆኗል» አልኩት። ከዚያ «በየትኛው ባቡር ልምጣ?» አለ።

ሐኪሙ እንደገና እንዲያያት ቀጠሮ አስያዝኩ። በቀጠሮው ቀን ሦስታችን በሜትሮ ወንዙን ተሻገርን። በመንገድ ላይ ልምምድ አደረግን። ግራ እጇን ኮት ኪሷ ውስጥ አድርጋ ደምሴን እንድትጨብጠው አዘዝኳት።

«እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ትልቅ ሰው ልጨብጥ? እናቴ ከመቃብሯ ትነሣለች።»

«ትነሣና እኛን ትሳደብ» አለ ደምሴ። «ጨብጪኝ።»

ጨበጠችው። ግራ እጇ ሳታዛት ከኪሷ ወጥታ ቀኟን ደገፈች። እንደገና ሞከርን። እንደገና ወጣች። ከባድ የገበያ ከረጢቴን አስያዝኳት፤ መሬት ላይ አስቀምጣ ደገፈች። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች ፈረንጅ ሦስት ጊዜ ስንተዋወቅ አይታ መቀመጫ ቀየረች።

«እኔን በቀበቶ ነበር ያሰረኝ» አለ ደምሴ። «ይህቺን ማሰር አይቻልም። ግራዋን እኔ እይዛለሁ።»

እንዳለውም አደረገ። ሐኪሙ ክፍል ስንገባ ደምሴ ግራ እጇን እንደ አባት በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ሐኪሙ ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነው። ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ትርሲት ቀኟን ሰጠችው። ግራዋን ለማስለቀቅ ስትታገል ደምሴ አልለቀቃትም።

ሐኪሙ እጇን ይዞ ቆየ። «ባለፈው እንዲህ አልነበረም» አለ።

«ባለፈው ሁለት እጅ ነበር የጨበጥከው» አልኩት በራሴ ደች። ልማዳችንን አስረዳሁት፤ የአንጓውን ነገር አሳየሁት። እሱም እንደ ሻምበሉ የራሱን አንጓ አጥፎ ሞከረና ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቁሞ ሥራውን ሠራ። አንጓዋን፣ አውራ ጣቷን፣ የክርኗን ጡንቻ፣ የቆዳዋን ስሜት አንድ በአንድ አየ፤ አንዳችም አልዘለለም። ቀጥሎ ዞር ብሎ ጠየቃት። «ደህና ነሽ ወይ አልልሽም። እጅሽ ምን መሥራት አቃተው?»

ትርሲት እኔን አየችኝ። «ንገሪው» አልኳት። ነገረችው። ፀጉሯን መሥራት፣ ቁልፍ ማዞር፣ ታማሚ ማንሣት፣ ማማተብ። ማማተቧን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር።

የሰኞውን ሥራ ሰረዘው። ዴን ሃግ ወዳለች የነርቭ ሐኪምም ላካት። «ሳይዘገይ መታየት አለበት» አለ፤ «ጭራሽ ተቆርጦ ከሆነ ጊዜ ሲያልፍ ጡንቻው ይሞታል።» ይህንን አውቅ ነበር። በጊዜ ስላለው ግን አከበርኩት።

ዴን ሃግ ሦስታችንም ሄድን። የነርቭ ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት። እኔ ያደረግሁትን ሁሉ አደረገች፤ ከዚያ እኔ የሌለኝን አደረገች። ጡንቻው ውስጥ ቀጭን መርፌ አግብታ የኤሌክትሪኩን ድምፅ አሰማችን። ትርሲት አንጓዋን ለማንሣት ስትሞክር መሣሪያው ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የጀመረ ያህል ጠብ ጠብ አለ። «ይህ የሕይወት ድምፅ ነው» አለች ሐኪሟ። «ጭራሽ የተቆረጠ ዝም ይላል።»

ክንዷ ላይ ቅባት ቀብታ በአልትራሳውንድ አየችው። ማያ ገጹን ወደ እኔ አዞረችልኝ።

«የት ነው የተማሩት?» አለችኝ።

«ፍየል ላይ።»

ሳቀች። «እንግዲህ ይኼው በሕይወት ያለ ነርቭ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ነጩን ክር አንድ ክር አድርጌ ነበር የማውቀው። ማያ ገጹ ላይ የማር እንጀራ ይመስላል። ብዙ ትንንሽ ክሮች ጎን ለጎን ታስረው የሚሄዱ ናቸው። አጥንቱ በተሰበረበት ቦታ አብጠዋል፤ አልተበጠሱም። አንዳንዱ ሞቷል፤ አንዳንዱ ተርፏል፤ የተረፉት የሞቱትንም ሥራ ጨምረው ይሠራሉ። በከፊል መጎዳት ማለት ይህ ነው። መቶአችንን አሰብኩ።

ሐኪሟ ቢላ አያስፈልግም አለች። የአንጓ መደገፊያ ታድርግ፤ ትለማመድ፤ ተመልሳ ትታይ። እጇ የሚመለስበትን ተራ እኔ ቀድሜ ለትርሲት ነግሬያት ነበር፤ ሐኪሟም ያንኑ ተራ ተናገረች። ትርሲት በሳቅ አየችኝ። እኔ ምንም አላልኩም፤ ትክክል መሆኔን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል።

ወደ ጣቢያ በሚወስደን ትራም ላይ ደምሴ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ለትርሲት አሳያት።

«ይህን ክንድ ከጎባጣው ያወረደው አባትሽ ነው» አላት።

አባቷ ቁስለኛ ሲያወርድ እንደሞተ ታውቅ ነበር። የማንን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራትም።

«እርስዎን ነው?»

«እኔን ነው። አዝሎኝ ነበር። የተናገረውን ልንገርሽ? ይኼ ሰውዬ ከመትረየሱ ይከብዳል አለ።»

ትርሲት ሳቀች። እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ጠባሳውን በግራ እጇ ነካችው። ደምሴ ያን ቀን አልዞረም፤ ፊት ለፊት አያት።

ጎባጣው ላይ ከእኛ መቶ የቀሩትን ልጥራ። ካሳ፣ ቃሬዛ ተሸካሚው። ፈለቀ፣ የካሳ የቃሬዛ ጓደኛ። የመቶ አለቃ ንጉሤ፣ በመጀመሪያው ተኩስ። ጥላሁን፣ ሬዲዮ ያዡ። ሙሐመድና እንድሪስ፣ አንድ ምሽግ ውስጥ። ታምራት፣ ገና ጢም መላጨት የጀመረ ምልምል፣ ስሙን በቅጡ ሳንለምደው። ሰባት ናቸው። ከተረፍነው ውስጥ እዚህ አገር ያለነው ደምሴና እኔ ነን። የሞተ ሰው ሥራው አያልቅም፤ ለተረፈው ይከፋፈላል። እኔ ከዚህ የበለጠ ፍልስፍና አላውቅም።

አሁን ያደረግሁትን ልቁጠርና ላብቃ።

ያለ አስተማሪ የክንድን ነርቭ ከብብት እስከ አውራ ጣት ተምሬአለሁ።

ደምሴን ከጥይት አድኛለሁ፤ ሻምበሉ ፊት ቆሜ፣ በቀበቶና በእሾህ።

ይድናል ያልኩት ድኗል፤ በተናገርኩት ተራ።

በራሴ ደች ለሐኪም ልማዳችንን አስረድቻለሁ፤ ገብቶታል።

ደምሴ የካሳን ልጅ ፊት ለፊት እንዲያያት ምክንያት ሆኛለሁ።

ካሳን አላወረድኩትም። ስደርስ አልቋል።

ትርሲት በዚህ አገር በጋ መጨረሻ ሥራዋን ጀምራለች። መጀመሪያ ክርኗ፣ ከዚያ አንጓዋ፣ በመጨረሻ አውራ ጣቷ። በዘመን መለወጫ ዕለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘችኝ። ግራ እጇን ከኋላዋ አድርጋ ቀኟን ብቻ ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። አንጓዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጣቶቼን አመመኝ። ደስ እስኪለኝ ያዘችኝ።

ከዚያ ግራ እጇን ከኋላዋ አምጥታ ቀኟን ደገፈች፣ ጎንበስም አለች።

«ይቺ ደግሞ ለአክብሮት ናት ጋሼ» አለችኝ።